አንኮበር፤ ከኰረብታው በላይና ከኰረብታው በታች

አዲስ ተማሪ ወደ ማደሪያ ክፍል ፍራሹን ተሸክሞ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «አገርህ ወዴት ነው?» ተብሎ ነው። እኔም «አንኮበር» ባልኩ ቁጥር የሚመለስልኝ መልስ ያው አንድ ነው፤ «አሃ! የነገሥታት አገር ልጅ!» መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልዋሽ! ደረቴን ነፋ አድርጌ ስለ ሣህለ ሥላሴና ስለ ምኒልክ አወራ ነበር። እየዋልኩ እያደርኩ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። የኔ ዘር ማንዘር እኮ ከነገሥታቱ ኰረብታ ላይ አልኖረም። የኖረው ከኰረብታው በታች ነው። ታዲያ የምኮራው በማን ታሪክ ነው?

ይህችን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ያቺ ጥያቄ ናት። ስለ አንኮበር የተጻፈው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ስለ ኰረብታው ጫፍ ነው። እኔ በበኩሌ ከጫፉ ተነሥቼ ወደ ታች ልውረድ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ፤ የአውሮፓውያኑን ባነሣሁ ጊዜ እናገራለሁ።

መሬቱ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደረሳል። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ገብስ፣ በግ፣ ጉም፣ ብርድ። መንገደኛው «መቼም ይኼ ሜዳ ማለቂያ የለውም» ብሎ ሳይጨርስ ምድሩ ከእግሩ ሥር ክው ብሎ ይቆረጣል። ያ ገደል የስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ነው። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ሰማዩ ጠራ ያለ ዕለት የሚያይ ሰው፣ እግሩ ደጋ ላይ ሆኖ ዓይኑ አፋር በረሃ ይገባል። የአንኮበርን ታሪክ በሙሉ የወለደው ይኸው ገደል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በአንድ ወረዳ ውስጥ ሦስት አገር አለ። ከላይ በኩንዲና በእመ ምሕረት ተራራ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ውርጩ ጅባራ ያበቅላል፤ ጭላዳ በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነቅል ይውላል። ከመካከል፣ የጥንቱ ከተማ ባለበት 2,500 ሜትር ግድም፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል። ከታች በአልዩ አምባ በኩል ማሽላ፣ ጥጥ፣ ግመልና ሙቀት ነው። አንድ ሰው ጧት ጋቢውን ተከናንቦ ከላይ ቢነሣ፣ ከሰዓት በኋላ ጋቢውን በትከሻው ጥሎ ላቡን እየጠረገ ይደርሳል። የሚወርደው ውሃ ሁሉ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ ይቀራል።

በሰሜን በኩል የወፍ ዋሻ ደን አለ። ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፤ በሸዋ ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚህ ችግኝ አስመጥተው ነው ይባላል፤ አፈ ታሪክ ነው፣ ግን አፈ ታሪክም ቢሆን «ደን ይተከላል» የሚል ሐሳብ ያዘለ አፈ ታሪክ በመሆኑ ደስ ይለኛል። እንግዲህ ከላይ ካለው ገደል ደግሞ ከኢትዮጵያ በስተቀር በሌላ አገር የማትገኝ አንዲት ትንሽ ዳመና የመሰለች ወፍ አለች። የወፍ ሊቃውንት ያገኟት በ1976 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሦስት ዓመት ቆይተው በአንኮበር ስም ሰየሟት። ንጉሥ፣ መልእክተኛና ነጋዴ ሁሉ ያለፈባት ገደል ላይ ያቺ ወፍ ያን ሁሉ ዘመን ማንም ስም ሳይሰጣት ኖረች ማለት ነው። ስም ያልተሰጠው ሁሉ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ።

ኰረብታው

የስሙን ነገር ሽማግሌዎች ሲያወሩ፣ አንኮ የምትባል ንግሥት ነበረች፣ በሩም የእርሷ በር ነው፤ «የአንኮ በር» ማለት ነው ይላሉ። ንግሥቲቱ ትኑር አትኑር፣ በርነቱ ግን ውሸት የለበትም። ከባሕር የሚመጣው ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጋ የሚወጣው በዚያ ነው። በሩን የያዘ ቀረጡን ያዘ፤ ጠመንጃውንም ያዘ።

የሸዋ መሳፍንት መነሻቸው መንዝ ነው። ከዚያ እየገፉ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ወረዱ። አንኮበርን መቀመጫ ያደረገው በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረው መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ነው ይባላል። ከእርሱ በኋላ አስፋ ወሰን፣ ከዚያ ወሰን ሰገድ፣ ከዚያ ሣህለ ሥላሴ ተተካኩ። ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ገዝቶ የንጉሥነትን ስም ለራሱ ሰጠ። ጎንደር በመሳፍንቱ ጦርነት ስትታመስ ሸዋ በዘመኑ ከሌላው ይልቅ ጸጥ ያለች አገር ነበረች።

በዚያ በር በኩል የፈረንጅ መልእክተኞች ተራ በተራ መጡ። በ1831 ኢሰንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሚሲዮናውያን ደረሱ። በ1833 መጨረሻ የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ጠመንጃና መድፍ ይዞ ወጣ፤ በኅዳር 1834 ንጉሡና እርሱ 16 አንቀጽ ያለው የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በ1835 ደግሞ ከፈረንሳዩ ከሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል ሆነ። እንግዲህ አንኮበር የዓለምን ፖለቲካ ከብዙ የአገራችን ከተሞች ቀድማ ቀምሳለች።

የኰረብታው ታሪክ ግን ገጸ በረከት ብቻ አይደለም። ጎንጮ የሚባል የመንግሥት እስር ቤት ነበር። በዚያ ይታሰሩ የነበሩት ወንበዴዎች ብቻ አልነበሩም፤ የንጉሡ የገዛ ዘመዶች ናቸው። አልጋው ለአንድ ስለሆነ ወንድም ወንድሙን መቆለፍ ልማድ ነበር። ሣህለ ሥላሴ በመጨረሻ እነዚያን መሳፍንት እንደ ፈታ ሃሪስ በመጽሐፉ ጽፏል። ኰረብታው ለሚገዛውም እስር ቤት ነበር ማለት ነው፤ አንዱ በአልጋ ይታሰራል፣ አንዱ በሰንሰለት።

በ1848 ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ታመው ሞቱ፤ ልጃቸው ምኒልክ ተማርከው ሄዱ። በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው መጡና የአባታቸውን አልጋ ያዙ። ከዚያ በኋላ አንኮበር ዳግመኛ ሞቀች። በ1869 አንቲኖሪ የተባለው የጣሊያን ተጓዥ ልጥ ማረፊያ ላይ መሬት ተሰጥቶት የምርምር ጣቢያ አቆመ፤ በ1874 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። በ1871 የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ መጣ። በ1875 ምኒልክና ጣይቱ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆርበው ተጋቡ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ከጣሊያኑ አንቶኔሊ ጋር ውል ተፈረመ። በ1879 ደግሞ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ 2,000 ያህል ጠመንጃ አስጭኖ ከበረሃው ወጣ። ሲደርስ ግን ምኒልክ አልነበሩም። ወደ እንጦጦ መከተል ነበረበት።

ይህች የራምቦ ነገር የአንኮበርን ዕድል በአጭሩ ታሳያለች። እንግዳው በበሩ ገባ፤ ባለቤቱ ግን ቤቱን ለቋል። የምኒልክ ግዛት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲሰፋ፣ ጥንት መካከል የነበረችው አንኮበር ዳር ሆነች። በር ለቤት ያስፈልጋል እንጂ በር ላይ ቁጭ ብሎ ቤት አይመራም። መንግሥቱ እንጦጦ ወጣ፣ ከእንጦጦም ወደ ፍል ውሃው ወርዶ አዲስ አበባ ሆነ። በኋላ ደግሞ የባቡሩ ሐዲድ በድሬዳዋ በኩል ሲያልፍ የግመሉ መንገድ እንደ ደረቀ ወንዝ ቀረ።

ከኰረብታው በታች

እስካሁን ያልኩትን ማንም ያውቀዋል። አሁን ወደ ታች እንውረድ።

ንጉሥ ሲበላ ማን ፈጨ? የዘመኑ ተጓዦች እንደሚተርኩት፣ በሣህለ ሥላሴ ግቢ እህል የሚፈጩት፣ ጠላና ጠጅ የሚጠምቁት እጅግ ብዙ ባሪያ ሴቶች ነበሩ። አንድ ነገር ደግሞ ይተርካሉ። ከባሕር ማዶ የመጡ ሙያተኞች ለንጉሡ በውሃ የሚዞር ወፍጮ ሠሩ። ወፍጮው ሠራም። ዳሩ ግን «ይኼ የሰይጣን ሥራ ነው» የሚል ነገር ተነሣና ወፍጮው እንዲቆም ተደረገ። ይህን ሳነብ የታሰቡኝ ያወገዙት ሰዎች አይደሉም፤ የታሰበችኝ ስሟ ያልተጻፈ አንዲት ሴት ናት። ወፍጮው ሲዞር ያየች፣ አንድ ቀን ከጉልበቷ ቀና ያለች፣ ማግስቱን እንደገና መጁን የያዘች ሴት መኖሯ አይቀርም። ታሪክ ማለት ለእርሷ ምን ነበር?

ከዚያ ወደ አልዩ አምባ እንውረድ። ዓርብ ገበያዋ ነበር። ነዋሪዋ አብዛኛው እስላም ነው፤ አርጎባው፣ የሐረሩ ነጋዴ፣ ከታጁራ የመጣው አፋር። ከአሳል ሐይቅ ጨው በግመል ይመጣል፤ ከደጋ እህል፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ማርትሬዛ ብር ይቆጠራል። ጆንስተን የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1834 እና በ1835 በዚያ ኖሮ ያየውን ጽፏል። አርጎባው ነጋዴ ብቻ አልነበረም፤ ሸማኔም ነበር፣ ገደሉን በድንጋይ እርከን እየከረከመ የሚያርስ ገበሬም ነበር። የገዛ ቋንቋው ግን ዛሬ በኛ በኩል በጥቂት ሽማግሌዎች አፍ እንኳ የሚገኝ አይመስልም፤ በአማርኛ ተውጧል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ገደል ላይና ታች ሆነው ይህን ያህል ዘመን ተያይተው መኖራቸውን ፈረንጅ ሲያደንቅ እንሰማለን፤ እኛ ግን አንኮበር ስንል አልዩ አምባን እንረሳለን። ያለ አልዩ አምባ አንኮበር ምን ነበረች? በር የሌለው አጥር!

ከአልዩ አምባ ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ አብዱል ረሱል የሚባል ሌላ ገበያ ነበር። በዚያ የሚሸጠው ጨው አይደለም፤ ሰው ነው። ከደቡብና ከምዕራብ የተነዱ ልጆች በዚያ ተሸጠው ወደ ባሕር ይነዱ ነበር። ከዚህ ገበያ ቀረጥ የሚያገኘው ኰረብታው ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል፤ ምክንያቱም አገሬን እወዳለሁ። ነገር ግን አገሩን የሚወድ ሰው የሚጽፈው ደስ የሚለውን ብቻ ከሆነ፣ የሚወደው አገሩን ሳይሆን ራሱን ነው። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ነው። ከዚያ በፊት በዚያ መንገድ ያለፉት ልጆች ምልክት የላቸውም። ድንጋይ እንኳ አልቆመላቸውም።

ጠቢባን

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እስካሁን ስዞረው የቆየሁትም እርሱን ነው።

ሃሪስ በመጽሐፉ አንኮበር አጠገብ በጫካ ውስጥ ተለይተው ስለሚኖሩ የእጅ ሙያተኞች ይጽፋል። ስማቸውን «ጠቢባን» ይላቸዋል። ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸክላ ይሠራሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ይፈሯቸዋል፤ «ቡዳ ናቸው» ይሏቸዋል። ዘራቸው እስከ ዛሬ በሰሜን ሸዋ አለ፤ ከእነርሱም ቤተ እስራኤል ነን የሚሉ አሉ።

አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ይኸው ተናገርኩት። በሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተከትያት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ጠላ ሲታደል ለሁሉ በጣሳ ቀረበ፤ ለእርሷ ግን በአሮጌ ቅል፣ ያውም ከጥግ ተነሥቶ። ተመልሰን ስንሄድ «እምዬ፣ አንቺ ለምን በቅል ጠጣሽ?» አልኳት። ዝም ብላ ትንሽ ተራመደችና «አየህ ልጄ፣ ጠላው የተጠመቀበት ጋን የኔ ነው። ወጡ የተሠራበት ድስት የኔ ነው። እንጀራው የተጋገረበት ምጣድ የኔ ነው። ጣሳቸውን ብቻ ነው የነፈጉኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንሥተን አናውቅም። አባቴም ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ «ስለ አያትህ ሥራ ማውራት አያስፈልግም» ብሎኛል። አልፈርድበትም። ሊጠብቀኝ ፈልጎ ነው።

በዘንድሮው የክረምት ዕረፍት ታሪክ ልጠይቅ ብዬ ወደ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ዘንድ ሄጄ ነበር። ስለ ነገሥታቱ እየተረኩልኝ ሳለ ደፍሬ፣ «የኔታ፣ ጠይብ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኳቸው። አተኩረው አዩኝና፣ «ከጠቢብ የመጣ ነው ልጄ» አሉኝ፤ «ጠበበ፣ ጠቢብ፣ ጥበብ። ሰሎሞንን ጠቢብ የምንለው በዚያው ቃል ነው። ሕዝብ አፍ ላይ ሲሰነብት ቃሉም ሰውየውም ተጎሳቆሉ እንጂ ሥሩስ ክቡር ነበር።» ቀጥለውም፣ «የማን ልጅ እንደሆንክ አውቃለሁ። ያያትህ ጀበና እኔ ቤት እስካሁን አለ፤ አልተሰበረም» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ለካ የሚያውቅ ያውቃል፤ የደበቅሁት ከራሴ ብቻ ኖሯል።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን አስተውለው። አንድ ቃል ነው፤ ለንጉሥ ሲነገር ውዳሴ፣ ለቀጥቃጭ ሲነገር ስድብ። እኛ በዚች መጽሔታችን ስለ «ኪነ ጥበብ» ስንጽፍ የምንጠራው ያንኑ ቃል ነው። ግጥም የሚጽፈው ተማሪ «የጥበብ ሰው» ይባላል፤ ጭቃውን አቡክታ፣ ቅርጽ ሰጥታ፣ በኩበት እሳት ተኩሳ፣ አገሩን ሁሉ የምታበላው ሴት ግን በቅል ትጠጣለች።

ዐፄ ምኒልክ እንኳ ይህን ነገር አይተውታል። በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ፣ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን እንዲህ፣ አራሹን እንዲያ እያሉ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድቡትን አጥብቀው ገሥጸዋል፤ ሰዎች ሁሉ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ በመናናቅ ሙያ ያለው ሰው ከጠፋ አገር ባዶ ይቀራል የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። አንኮበር ላይ ነግሠው ኖረዋልና ማረሻው፣ ጦሩና ድስቱ ከማን እጅ እንደሚወጣ ያውቁ ነበር። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። ቅሉ ግን በስንት ቤት ጥግ ገና ተሰቅሏል?

የቀረው

ዛሬ አንኮበር የወረዳ ስም ነው። የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ናት። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የተረፈው ኰረብታው ላይ የድንጋይ ግንብ ቅሪት ነው፤ እዚያው ኰረብታ ላይ ለጎብኚ የሚሆን ማረፊያ ተሠርቷል። መድኃኔ ዓለም፣ ሚካኤል፣ ማርያምና ሌሎቹም አድባራት ቆመዋል። ልጥ ማረፊያ የአንቲኖሪ መቃብር አለ። አልዩ አምባ ገበያዋ ይቆማል። በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች የተሸሸጉበት ገደልና ጫካም፣ እየሳሳ ቢሄድም፣ አለ።

ጎብኚ ሲመጣ የምናሳየው ግንቡን ነው። ደግ ነው፤ ይታይ። እኔ የምለው ግን ግንቡን ያሳየን ሰዎች ወደ ታችም እንጠቁም ነው፤ «እዚያ ጋ ገበያው ነበር፤ እዚያ ጋ ሰው ይሸጥ ነበር፤ እዚያ ጫካ ውስጥ ጠቢባኑ ይኖሩ ነበር» እንበል። የአርጎባ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ቃል ካለ ሳይሞቱ እንጻፈው። የሸክላ ሠሪዎቹን ስም እንጠይቅ። ይኼ የምርምር ገንዘብ አይፈልግም፤ ደብተር፣ እርሳስና ለክረምት ወደ አገር ቤት የሚመለስ ተማሪ ይበቃዋል።

ከእንግዲህ ወዲህ «የነገሥታት አገር ልጅ!» ሲሉኝ ምን ብዬ እንደምመልስ አውቃለሁ። «አዎን፣ የነገሥታት አገር ልጅ ነኝ፤ ነገሥታቱ የበሉበትን ድስት የሠሩት ግን የኔ ወገኖች ናቸው።» አያቴ ይህን ሳትሰማ አልፋለች። ከመሪጌታው ቤት ስወጣ ያቺን ጀበና አሳዩኝ፤ አንገቷ ላይ የአያቴ ጣት የተወው ትንሽ ጎድጓዳ አለ። ጣቴን አስገብቼ ሞከርኩት፤ ልክ ሆነ።